የማያውቋት ሴት ለቅሶ

እታፈራሁ በወንድሟ በይርዳው ላይ ቂም የያዘችው እናታቸው የሞተች ጊዜ ነው። ድንኳን ተተክሎ፣ የእድሩ ሰው ወንበር ደርድሮ፣ ለቀስተኛው በገባ በወጣ ቁጥር «ወንዱ ልጇስ?» እያለ ሲጠይቅ፣ እሷ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ «መንገድ ላይ ነው» ስትል ዋለች። በማግሥቱም «መንገድ ላይ ነው» አለች። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሳ የሚጠይቃት አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ገብቶታል። ይርዳው ከሚኖርበት ከቻይና አገር፣ ከጓንዡ፣ የላከው በስልክ የሻማ ፎቶ ነው። ከሻማው ሥር ቢጫ ቢጫ የሚያለቅሱ ፊቶች ተደርድረዋል። እናቱን የሸኘው በዚያ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል። እታፈራሁ መርካቶ መጋረጃ ትሸጣለች፤ ጓንዡ የመጣችውም ጨርቅ ልታይ ነው ብላ ለሱቅ ጎረቤቶቿ ሁሉ ተናግራለች። ለራሷ የነገረችው ግን ሌላ ነው። ይሄን ልጅ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለእናቱ አስቀምጠዋለሁ ብላለች። ስልኩን ዘግቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ቁጭ ብሎ ያለቅሳታል። ካሣ አልፈልግም፣ ይቅርታም አልፈልግም፤ ያልቅስልኝ። ይሄንን ይዛ ነው የመጣችው፤ ይሄንን ሳታገኝም ላትመለስ ነው የመጣችው። ይርዳው ግን ነገሩን ባነሳችበት ቁጥር «እታለም፣ ምሳ ምን ይሻልሻል?» ይላታል።

የዚያን ቀንም ሆቴሏ ድረስ መጥቶ አብረው ቁርስ እየበሉ «የእማዬን ነገር…» ብላ ስትጀምር፣ ስልኩን ከጠረጴዛው አነሳና ብድግ አለ።

«ዛሬ ገበያ የለም፣ እታለም። ላዝናናሽ ነው። አንድ የጥንት ሰፈር አለ፤ አድሰውት ጉድ አድርገውታል። ፎቶም እንነሳለን።»

«የጥንት ሰፈር ብርቄ ነው እንዴ? ተወልጄ ያደግሁት የት ሆነና?»

«የኛን አፍርሰው ጨረሱት እኮ። እነዚህ አላፈረሱም፤ አሳመሩት።»

እታፈራሁ ጠረጠረች። ይርዳው ከልጅነቱም ጥፋት ያጠፋ ቀን ነው ሰው ማዝናናት የሚያምረው። ብቻ ተነስታ ተከተለችው።

ሰፈሩ ከትልቁ መንገድ ዳር፣ ሥሩ እንደ ሽማግሌ ጢም ወደ ታች ከተንዠረገገ ትልቅ ዋርካ ጀርባ ይጀምራል። ግራጫ የጡብ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ መሐላቸው ያለው ጠባብ መንገድ በተወለወለ ድንጋይ ተነጥፎ፣ በየበሩ ቀይ ፋኖስ ተንጠልጥሎ፣ በየቤቱ ሥር አንድ ሱቅ ተከፍቷል፤ አንዱ ማራገቢያ ይሸጣል፣ አንዱ አይስክሬም ይሸጣል፣ አንዱ የጥንት የሐር ልብስ እያከራየ ፎቶ ያነሳል። ልጃገረዶቹ የተከራዩትን ልብስ ለብሰው ግድግዳ እየተደገፉ አንገታቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። ሰማዩ ዝቅ ብሏል፤ ዝናብ ያረገዘ፣ እርጥብ ፎጣ ፊት ላይ እንደ ጣሉበት ያለ ሙቀት ነው። እታፈራሁ አንዱን ግድግዳ በአውራ ጣቷ ፈተግ አደረገችው። ጡቡ መሐል ያለው ጥቁረት እንኳን ተቀብቶ ነው። ይሄ ያረጀ አይደለም፣ ያስረጁት ነው አለች በልቧ።

ቀና ስትል ደግሞ መጋረጃዎቹን አየች። ዓይኗ ሌላ ነገር አያይም መቼም። ሰው ለቤቱ መጋረጃ ሲሰቅል የጨርቁን ፊት ወደ ራሱ ያዞራል፤ አበባውን የሚያየው እሱ ነዋ። እዚህ ግን ፎቅ ላይ ባሉት መስኮቶች ሁሉ አበባው ወደ መንገዱ፣ ጀርባው ወደ ክፍሉ ነው። ለመንገደኛ የተሰቀለ መጋረጃ ነው።

«ሰው አይኖርበትም፣ አይደል?» አለችው።

«ሱቅ ነው ሁሉም። ላይኛውን ለማሳመሪያ ነው የተዉት።»

«የነበሩትስ ሰዎች?»

«ካሣቸውን ተቀብለው ወጡ። ከተማው ዳር አዲስ ፎቅ ተሰጣቸው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም ነዋ! ምነው እታለም፣ ቀበሌ ሆንሽብኝ?»

«አንዲት አሮጊት እንኳን እምቢ ሳትል? ውሸት ነው። አንተ አሮጊት አታውቅም።»

ይርዳው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። የራሷ እናት እነሱ ተወልደው ያደጉበትን ቤት ከመፍረሱ በፊት እንዴት አድርጋ በጥፍሯ ይዛው እንደነበረ ታውቃለች።

ወደ ውስጥ በገቡ ቁጥር ሱቁ እየሳሳ፣ ሰዉም እየተራረቀ ሄደ። የአይስክሬም ስኳርና የአዲስ ቀለም ሽታ አለ፤ ከዚያ ሥር ግን ሌላ ሽታ፣ መጀመሪያ ከራሷ ልብስ የመጣ የመሰላት፣ የብል ኪኒን፣ የረጠበ አመድና የቀለጠ ሻማ ሽታ ተኝቷል፤ ሰው ወጥቶለት የተዘጋ ቤት እንዲህ አይሸትም፣ ሰው ሳይወጣ የተዘጋ ነው እንዲህ የሚሸት። ከተቆለፉት በሮች ጀርባም ድምፅ ይሰማት ጀመር። ብዙ ጠጠር ጠረጴዛ ላይ እየተንኳኳ ሲዘረገፍ፣ ሲታመስ፣ እንደገና ሲደረደር። አንድ በር ጋ ስትደርስ ዝም ይላል። ስታልፈው ይቀጥላል።

«ይሄ ምንድነው የሚንኳኳው?»

«ማጆንግ ነው። የሽማግሌዎች ጨዋታ።»

«ሁሉም ወጡ አላልክም?»

«በቴፕ የሚለቁት ነዋ፣ ለጎብኚ! አንቺ ደግሞ ሁሉ ነገር ያጠራጥርሻል።»

ቴፕ ከሆነ እኔ ስደርስ ለምን ዝም ይላል ልትለው አሰበችና ተወችው። የይርዳው ስልክ ጮኸ። ስለ ኮንቴይነር ነበር፤ ኮንቴይነር ከሆነ ደግሞ አያልቅም። ግድግዳ ተደግፎ በቻይንኛ መጮህ ሲጀምር፣ እታፈራሁ ቀስ እያለች ብቻዋን ወደፊት ሄደች።

መንገዱ ጠመም ብሎ ወደ አንድ ጉሮሮ የመሰለ ቀጭን መተላለፊያ ይገባል። እዚያ ቀይ ፋኖስ የለም። ከመጨረሻው ቤት በር ላይ የተንጠለጠለው ፋኖስ ነጭ ነው፤ ሰማያዊ ጽሑፍ አለበት። ከላይ ያለውን መስኮት አየች። የመጋረጃው ጀርባ ወደ እሷ፣ አበባው ወደ ውስጥ ነው። እዚህስ ሰው አለ አለች።

የቤቱ በር እንደ ሌሎቹ የጥንት በሮች፣ ክብ ክብ እንጨት እንደ መሰላል የተጋደመበት፣ ወደ ጎን የሚንሸራተት ነው፤ ንፋስ ያስገባል፣ ሰው አያስገባም። አሁን ግን በከፊል ተከፍቷል። በእንጨቶቹ መሐል አጮልቃ ስታይ፣ ጨለም ያለ ሰፊ ክፍል፣ ግድግዳው ላይ ጥቁር ጨርቅ የዞረበት የአሮጊት ፎቶ፣ ከግራ ዓይኗ ሥር ባቄላ የሚያክል ኪንታሮት፣ ከፎቶው ፊት ሁለት የሚንጠባጠቡ ሻማዎች፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ደግሞ በሥርዓት የተደረደረ ወንበር አለ። ወንበሩ በሙሉ ባዶ ነው። ፎቶው ሥር፣ ራሷን በነጭ ጨርቅ የሸፈነች አንዲት ሴት አቀርቅራ ተቀምጣለች። በቀኟ፣ በርጩማ ላይ፣ የዝናብ ልብስ የለበሰ አንድ ሰውዬ አለ። በግራዋ ያለው በርጩማ ባዶ ነው። ሌላ ሰው የለም።

ወንበር ተደርድሮ ሰው ያልመጣበት ለቅሶ! አገሩ የሰው ነው፣ ሟቿን አታውቃት፣ ቋንቋውን አትችል፤ ነገር ግን የለቅሶ ቤት በር ላይ ደርሳ አልፋ አታውቅም። ለቅሶ አስተርጓሚ አይፈልግም። ሻርፗን ወደ ራሷ ሳበችና ጫማዋን ደፉ ላይ አውልቃ ገባች። «እግዜር ያጽናችሁ» አለች በአማርኛ። ባዶዎቹን ወንበሮች ሁሉ አልፋ፣ አገሯ እንደሚደረገው፣ ከሐዘንተኛዋ አጠገብ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

እሷ እንደ ተቀመጠች ሰውዬው ተነሳ።

ጉልበቱ እንደ ደረቅ እንጨት ተንቋቋ። ግድግዳውን ይዞ ቆመ፣ ተንገዳገደ፣ ወደ እሷ ዞረ። ጢሙ አድጎ አገጩን ሸፍኖታል፣ ጉንጩ ገብቷል፤ ቢጫው የዝናብ ልብስ ትከሻው ላይ አቧራ ተኝቶበታል። እያለቀሰ ነበር። አንድ ነገር ደጋግሞ አላት፣ ጎንበስ አለላት፣ እንደገና ጎንበስ አለላት፤ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። ከዚያ ወጣ። ድንጋዩ ላይ ሲሮጥ፣ ሲወድቅ፣ ተነስቶ እንደገና ሲሮጥ ሰማችው።

ልጇ ይሆናል፣ ደክሞት ነው ብላ አሰበች። ደግሞ ልጅ እናቱን ትቶ ይሮጣል እንዴ ብላ ጠረጠረች። ዓይኗ ጨለማውን ሲለምድ ሰውዬው ከተነሳበት በርጩማ ሥር ያለውን አየች። የጀርባ ቦርሳ አለ፣ የሻገተ የሴት ጃንጥላ አለ፣ አንድ እግር ባለ ተረከዝ ጫማ አለ፣ መነጽር አለ፣ ማንገቻው የተበጣጠሰ የድሮ ካሜራ አለ። የአንድ ሰው ዕቃ አይደለም። የአንድ ዘመንም አይደለም።

ሐዘንተኛዋ ሳትዞር እጇን ዘረጋችና የእታፈራሁን መዳፍ ያዘች። እጇ ክብደት የለውም፤ ተጣጥፎ የተቀመጠ ወረቀት ነው የሚመስለው። እታፈራሁ ዝም ብላ አስያዘቻት፤ ሐዘንተኛ እጅሽን ሲይዝሽ አትነጥቂም። አንገቷን ደፍታ ስትቀመጥ ግን የሴትየዋን እግር አየች። የጨርቅ ጫማ ተጫምታለች፤ ሶሉ ነጭ ነው፣ መሬት ነክቶት አያውቅም፤ አሁንም አልነካውም። በቃ ደረስኳት፣ ልነሳ ብላ «እግዜር ያጽናሽ፣ እናቴ» አለችና ብድግ ለማለት ተንደረደረች። ጉልበቷ አልመጣም። እንደገና ሞከረች። ከወገቧ በታች ያለው ሁሉ የእሷ መሆኑ ቀርቶ የበርጩማው ሆኗል።

ያን ጊዜ ሴትየዋ ዞረች። ነጩ ጨርቅ ሸርተት አለ። የታየው ትንሽ ነው፤ ጉንጯ፣ የግራ ዓይኗ ዳር፣ ከሥሩ ደግሞ ባቄላ የሚያክል ኪንታሮት። እታፈራሁ ወደ ፎቶው አልተመለከተችም። ማየት አላስፈለጋትም።

አልጮኸችም። እልኸኛ ናት፤ ፈርታ እንኳን አትጮህም። ባዶዎቹን ወንበሮች ዓይኗ ሲዞራቸው፣ ቀስ ብላ በአማርኛ ጠየቀቻት።

«ልጆችሽ አልመጡም፣ አይደል?»

ወረቀቱ እጅ መዳፏን ጭምቅ አደረጋት። ውጭ ዝናቡ ጀመረ።

ስንት እንደ ቆየች አታውቅም። ሻማው እየቀለጠ አያጥርም። ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ጠጠሩ ይታመሳል፣ ይደረደራል። ቆይቶ የይርዳው ድምፅ ከመተላለፊያው መጣ፤ ሲሳደብ፣ ሲጣራ፣ ከዚያ የረጠበ ጭንቅላቱ በእንጨቶቹ መሐል ብቅ አለ።

«እታለም! ሰፈሩን አዞርሽኝ እኮ! እንዴ… ሙዚየም ነው እንዴ ይሄ?» ገባ፤ ከነጫማው። አሮጊቷን ጎንበስ ብሎ አያት። «ሰም ናት? አቤት እነዚህ ሰዎች! ቁርጥ ሰው አስመስለዋታል!» ስልኩን አነሳ።

«አስቀምጠው ስልኩን። ለቅሶ ቤት ነው።»

«የማን ለቅሶ?»

«የእናት።»

ይርዳው ስልኩን ዝቅ አደረገ። ወሬው የት እንደሚሄድ ገባው። «እሺ፣ ነይ እንውጣ። ርቦሻል፤ ምሳ ምን…»

«ዛሬ ምሳ እንዳትለኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምጠይቅህ። ለእማዬ ለምን አልመጣህም?»

ይርዳው ፀጉሩን በእጁ ጠረገ፣ በረጅሙ ተነፈሰ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እሷ ናት ያሳደገችው፤ ትኩሳት የያዘው ጊዜ አዝላው ያደረችው ልጅ ነው። ቢያለቅስ፣ ወይም «አፈርኩ፣ እታለም» ቢል፣ «ሩጥ፣ ውጣ ከዚህ ቤት» ልትለው ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር።

«ሥራ ነበረብኝ» አለ። «ደግሞስ እታለም፣ እውነቱን እንነጋገር። ሞታለች። መጣሁ ቀረሁ፣ በምን ታውቃለች?»

ከግድግዳው ማዶ ጠጠሩ ዝም አለ። ከአንዱ ቤት ብቻ ሳይሆን ከሰፈሩ ሁሉ፣ በአንዴ። የአሮጊቷ ጭንቅላት ከአቀረቀረበት ቀስ ብሎ ቀና አለ። ይርዳው አላየም፤ የስልኩን መስታወት በሸሚዙ ጫፍ ይወለውል ነበር።

እታፈራሁ ምላሷ ላይ የነበረውን ዋጠችው።

«እግሬ ደንዝዟል» አለች። «እስኪፈታልኝ እዚያች በርጩማ ላይ ቁጭ በልልኝ።»

«ለምን?»

«ለእማዬ። ጫማህን አውልቅና አንድ አፍታ ቁጭ በልላት።»

«እዚህ? ሰም ፊት?» ሳቀ። «ሰው ቢያየን አብደዋል ይለናል። እሺ፣ እሱን ካደረግሁ ዳግመኛ አታነሺብኝም?»

«ዳግመኛ አላነሳብህም።»

«በእማዬ ሞት?»

«በእማዬ ሞት።»

ይርዳው ጭንቅላቱን እየነቀነቀ፣ እየሳቀ፣ ጫማውን በእግሩ ጫፍ አወለቀ። የወደቁትን ዕቃዎች በእግሩ ገፋ አደረገና ተቀመጠ። «ይኸው፣ ደስ ይበልሽ» አለ።

ወረቀቱ እጅ ከእታፈራሁ መዳፍ ውስጥ ወጣ። ጉልበቷ ተመለሰላት፤ ሙቀቱ፣ ንዝረቱ፣ ሕመሙ ሁሉ በአንዴ መጣ። ተነሳች። ደፉ ላይ ደርሳ ጫማዋን ስታደርግ ይርዳው አሁንም ስልኩን እያየ ነበር። ከዚያ ሊነሳ ሲሞክር በርጩማው ተንቀጫቀጨ።

«እታለም፣ የኔም እግር…» አለ። ቆየና፣ «እታለም? እጄን ማን ነው የያዘኝ?»

ድምፁ የልጅነቱ ድምፅ ሆኖ ነበር። እታፈራሁ ዞራ አላየችውም።

«ይመጣል እንባው» አለችው። «ዝም ብለህ ተቀመጥ።»

ወጣች። ክቦቹን እንጨቶች ይዛ በሩን ወደ ጎን ሳበችው፤ ከባድ ነው፣ ከሥሩ ያለው ጎማ አጉረመረመ፣ ተንሸራተተ፣ ገጠመ። መቀርቀሪያውን ከውጭ አጋደመችው። ይርዳው መጀመሪያ ስሟን ጠራ። ከዚያ ተሳደበ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረ፤ መጀመሪያ እንደሚናደድ ሰው፣ ቀጥሎ ግን ከሆዱ፣ ተጎትቶ በሚወጣ ረጅም ድምፅ፣ የእድሩ ሰው ሁሉ ሰምቶ ራሱን የሚነቀንቅለት ዓይነት ለቅሶ፣ «እማዬ» እያለ። በየቤቱ ጠጠሩ እንደገና ይታመስ ጀመር። እታፈራሁ በሩን በጀርባዋ ተደግፋ ሰማችው፤ ስንት ዓመት የጠበቀችው ነው።

ከዝናቡ የሚሸሹ ሁለት ወጣቶች፣ የተከራዩትን ሐር ልብስ በእጃቸው ሰብስበው፣ ወደ መተላለፊያው ሮጠው ገቡ፤ ለቅሶውን ሰምተው ቆሙ፣ አንዷ ደንግጣ በሩን እንክፈት በሚል ዓይን አየቻት፤ እታፈራሁም ፈገግ ብላ ወደ አይስክሬሙ ሱቅ በእጇ አመለከተቻቸውና «ቴፕ ነው» አለቻቸው።